«ትልቅ ስለሆነ ነው»

በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ማታ ራሴን መርፌ እወጋለሁ። መርፌው እስክሪብቶ ነው የሚመስለው። ከፍሪጅ አውጥቼ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠረጴዛ ላይ አቆየዋለሁ። ከዚያ ክዳኑን ነቅዬ ጭኔ ላይ ቀጥ አድርጌ እይዘውና ቁልፉን እጫናለሁ። ጠቅ ይላል። እስከ አስር እቆጥራለሁ። ጎኑ ላይ ያለችው ትንሽ መስኮት ቀለሟን ስትቀይር አለቀ ማለት ነው።

የመጀመሪያ ቀን ግን ቁልፉን መጫን አቃተኝ። አስቡት፤ የተሰጠኝ የጣቶቼ መድኃኒት ነው፣ መድኃኒቱን ለመውሰድ ደግሞ ደህና ጣት ያስፈልጋል። ያኔ ጠዋት ስነሳ ጣቶቼ እንደ እንጨት ደርቀው ነበር የማገኛቸው። የውሃ ጠርሙስ መክፈት፣ ሸሚዝ መቆለፍ፣ ብሩሽ ላይ የጥርስ ሳሙና ማድረግ፣ ሁሉም ትግል ነበር። እና ነርሷ እጄን በእጇ ደግፋ አብራኝ ተጫነችው።

«ሲስተር፣ ይሄን ነገር ለምን በሚዋጥ አይሠሩትም?» አልኳት።

«ትልቅ ስለሆነ ነው እህቴ» አለችኝና ወደ ሌላ ታካሚ ሄደች።

ትልቅ? እስክሪብቶው ውስጥ ያለው ፈሳሽ እኮ የሻይ ማንኪያ ሩብ እንኳ አይሞላም። መልሷ አልገባኝም። ያልገባኝን ነገር መተው ደግሞ አልችልበትም። ቤት ገብቼም፣ በነጋታውም፣ በሳምንቱም «ትልቅ ስለሆነ ነው» የምትለዋ አረፍተ ነገር ጆሮዬ ላይ ቀረች።

## ምኑ ነው ትልቅ?

በሽታዬ ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው። የራሴ ሰውነት በሽታ መከላከያ መገጣጠሚያዎቼን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይደበድባቸዋል። ዘበኛው የቤቱን ባለቤት «ሌባ!» ብሎ ሲያንቀው እንደማለት ነው። ከዚህ በላይ ስለ በሽታው አላወራም፤ ያለበት ያውቀዋል።

መድኃኒቴ አዳሊሙማብ ይባላል። አንቲቦዲ ነው፤ ማለትም ፕሮቲን። አስፕሪን ክብደቷ በሞለኪውል መለኪያ 180 ገደማ ነው። የኔው 148 ሺህ። አስፕሪን አንድ ሰው ናት ብትሉ፣ የኔ መድኃኒት ከ800 ሰው በላይ የታጨቀበት አዳራሽ ነው። የፕሮቲን ጡቦች የሆኑት አሚኖ አሲዶች 1,330 ሆነው ተቀጣጥለው፣ ተጣጥፈው፣ ልክ በሚያስፈልገው ቅርጽ ተቋጥረው ነው የተሠራው። ሲስተር እውነቷን ነበር። ማንኪያው ሳይሆን ሞለኪውሉ ነው ትልቁ።

ሆድ ደግሞ መድኃኒትና ሥጋ አይለይም። ፕሮቲን የተባለ ሲመጣ ይከትፋል። ሥራው ነው። ከመከተፍ ቢተርፍ እንኳ በአንጀት ግድግዳ በኩል ወደ ደም መሹለክ አይችልም። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ይሉ የለ? ነገሩ እንደዚያ ነው።

ታዲያ ለምን ትንሽ አድርገው አይሠሩትም? ማንበብ የጀመርኩት በዚህች ጥያቄ ነው። እና ብዙም ሳልቆይ ደስ የሚል ነገር አገኘሁ። ብዙ ተመራማሪዎች ይህንኑ እየሞከሩ ነው። ከአንቲቦዲ በአስር እጥፍ፣ አንዳንዴም በሠላሳ እጥፍ ያነሱ ፕሮቲኖችን እየሠሩ ሶሪያሲስ ለሚባለው የቆዳ በሽታ፣ ለአንጀት ብግነት፣ ለመገጣጠሚያ በሽታ ለማዋል ይሞክራሉ። እኔም በልቤ ጨረስኩት። ትንሽ ይሆናል፣ ይዋጣል፣ እገላገላለሁ።

ከዚያ ሳል ያዘኝ።

## መርፌው ጣት አያውቅም

መርፌውን ከጀመርኩ አራተኛ ወሬ ላይ ነበርኩ። ጣቶቼ ተመልሰዋል። ጠርሙስ እከፍታለሁ፣ እጽፋለሁ፣ የሰው እጅ ሳልፈራ እጨብጣለሁ። ሳሉ ሲጀምረኝ ናቅሁት። ሳምንት አለፈው። ሌሊት ትንሽ ላብ ነገር አለኝ። ለዶክተሩ ስደውል ድምፃቸው ተቀየረ። «የዛሬውን እንዳትወጊ። ነገ ጠዋት ነይ» አሉኝ።

የደረት ራጅ ተነሳሁ። ውጤቱ እስኪመጣ እሳቸው ቢሮ ተቀምጬ ስጠብቅ፣ ለምን ይህን ያህል እንደተጨነቁ ጠየቅኋቸው። በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ አይቸኩሉም። የማዘዣ ወረቀት ገለበጡና መሐሉ ላይ አንዲት ነጥብ አደረጉ።

«ይሄ ቲቢ ነው ልጄ። ብዙ ሰው ሳያውቀው ተሸክሞት ይኖራል። ሰውነት መግደል ሲያቅተው ምን ያደርጋል? ያጥርበታል።» በነጥቧ ዙሪያ ክብ ክብ ነገሮች ደረደሩ። «እነዚህ ሴሎች ናቸው። ድንጋይ በያቸው። ድንጋይ ብቻውን ግን አጥር አይሆንም፣ አይደል? ጭቃ ይፈልጋል።» በክቦቹ መካከል እስክሪብቷቸውን አመላለሱ። «ጭቃው ቲኤንኤፍ ነው፤ ሰውነትሽ ራሱ የሚሠራው የብግነት ምልክት። አንቺ በየሁለት ሳምንቱ የምትወጊው ይሄንን ጭቃ የሚያሟሟ ነው።»

መርፌውን ከመጀመሬ በፊት የቲቢ ምርመራ ለምን እንዳዘዙልኝ ያን ቀን ነው የገባኝ። ያኔ የቢሮክራሲ ነገር መስሎኝ አማርሬ ነበር።

«እኔ እኮ ከጣቴ ላይ ብቻ ነበር እንዲጠፋልኝ የፈለግሁት» አልኳቸው።

«መርፌው ጣት አያውቅም» አሉኝ።

ራጁ ንጹህ ሆነ። ሳሉ ተራ ጉንፋን ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ወደ መርፌዬ ተመለስኩ። ወረቀቷን ግን ለምኜ ይዣት መጣሁ፤ አሁንም ፍሪጁ በር ላይ ተለጥፋለች።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄዬ የተገለበጠው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጌ ነበር የማስበው። አንደኛው መጠን ነው፤ መድኃኒቱ በየት በር ይገባል የሚለው። ሁለተኛው አድራሻ ነው፤ ከገባ በኋላ ማንን ይነካል የሚለው። ቲኤንኤፍን የሚይዘው መድኃኒቴ ዒላማውን የሚስት አይደለም። እንዲያውም በጣም ልቅም አድርጎ ነው የሚይዘው። ችግሩ ቲኤንኤፍ ጣቴ ላይም፣ ሳንባዬ ውስጥም፣ ሌላም ቦታ ያው ቲኤንኤፍ መሆኑ ነው። ስለዚህ ይህንኑ መድኃኒት ነገ በአስር እጥፍ አሳንሰው በሚዋጥ ቢሰጡኝ ከመርፌ ተገላገልኩ እንጂ ከሳሉ ስጋት አልተገላገልኩም። ጭቃውን በማንኪያም አሟሟው በአካፋ ያው ነው።

ውለታ ቢስ መሆኔ አይደለም። ማርክ ፌልድማንና ራቪንደር ማይኒ እ.ኤ.አ. በ1992 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ውስጥ ቲኤንኤፍን በመያዝ የመጀመሪያዎቹን የሩማቶይድ አርትራይተስ ታካሚዎች ባያክሙ ኖሮ፣ ዛሬ ይህን የምጽፈው በሰው እጅ ነበር። ግን የዳነ ሰውም ይጠይቃል።

## አበባ የሚመስለው እንስሳ

ጥያቄዬ ከተገለበጠ በኋላ ነው ኤስኤችኬ የምትባለዋን ነገር ያገኘኋት። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ በእሷ አሰለቻለሁ።

ካሪቢያን ባሕር ውስጥ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚኖር ሲ አኔሞኒ የሚባል ፍጥረት አለ። አበባ ይመስላል፣ ግን እንስሳ ነው፤ ያውም መርዘኛ። ከመርዙ ውስጥ አንዷ ትንሽ ፕሮቲን፣ ይህችው ኤስኤችኬ፣ 35 አሚኖ አሲድ ብቻ አላት። በሦስት ቦታ ራሷን በራሷ ጥብቅ አድርጋ ስለቋጠረች በቀላሉ አትፈታም። 22ኛዋ አሚኖ አሲድ ላይሲን ነች፤ እንደ ትንሽ ጣት ወደ ውጭ ቀጥ ብላ ወጥታለች። የመርዙ ጥበብ እዚህች ጣት ላይ ነው። የሴል ግድግዳ ላይ ያለች የፖታሲየም በር ስታገኝ ጣቷን ሰክታ እንደ ውታፍ ትደፍናታለች።

ይሄ ከኔ በሽታ ጋር ምን አገናኘው? ቲ ሴል የሚባለው ወታደር ለመቆጣት ካልሲየም ወደ ውስጥ ማስገባት አለበት። ካልሲየም መግባቱን እንዲቀጥል ደግሞ ፖታሲየም መውጣት አለበት። የሚወጣበት በር ኬቪ 1.3 ይባላል። ዋናው ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። ሁሉም ቲ ሴሎች በዚህች በር ላይ እኩል አይመኩም። ደጋግመው ተዋግተው ቂም የያዙት፣ በአውቶኢሚዩን በሽታ ውስጥ ዋነኛ ጥፋተኞች የሆኑት፣ እነሱ ናቸው ኬቪ 1.3 ከሌለ መላ የሚያጡት። ሌሎቹ ሌላ በር ስላላቸው በዚያ በኩል ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

ይህን ሳነብ ተነስቼ ክፍሌ ውስጥ ተንጎራደድኩ። ድንጋዩንና ጭቃውን ሳይነኩ ቂመኛውን ብቻ ዝም የማሰኘት ሐሳብ ነው። በአይጦች ላይ ሲሞከር በሽታው በረደ። አይጦቹን ኢንፍሉዌንዛ ሲያስይዟቸው ግን ቫይረሱን ለማጽዳት አልተቸገሩም። ያቺ የኔ ሳል እዚህ መልስ ያገኘች መሰለኝ።

እርግጥ መርዙን እንዳለ መስጠት አይቻልም። ነርቭ ላይ ኬቪ 1.1 የምትባል ተመሳሳይ በር አለች፤ መርዙ እሷንም ይደፍናል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ሰንሰለቷን ጫፍ ላይ ነካክተው የቂመኛውን በር ከነርቯ በር በመቶ እጥፍ ገደማ የምታስበልጥ አደረጓት። ዳላዛታይድ ተባለች። እሾህን በእሾህ እንዲሉ፣ የባሕር መርዝ ቂመኛ ሴል ላይ ተላከ። በ2017 የታተመው የሶሪያሲስ ሙከራ 24 ሰዎች ብቻ ነበሩበት፤ የብዙዎቹ ቆዳ ተሻሻለ። እስካሁን ግን ማንም ሐኪም የሚያዝዛት መድኃኒት አልሆነችም። በሰው ላይ የመጀመሪያውን ሙከራ አልፎ የመጨረሻው ላይ የሚቀረው ብዙ ነው። ስንት ጊዜ እንዳዘንኩ አትጠይቁኝ።

## ትንሽነትም ዋጋ አለው

ዶክተሩን በቀጠሮዬ ቀን ስለ ትናንሽ ፕሮቲኖች ስለፈልፍባቸው ፈገግ አሉና «ኩላሊትሽስ?» አሉኝ።

ኩላሊት ወንፊት ነው። በግምት ከ60 ሺህ በታች የሚመዝን ፕሮቲን ሲያልፍ አይጨነቅም፤ ወደ ሽንት ይለቀዋል። የኔ ግዙፉ አንቲቦዲ ስለማያልፍ ደሜ ውስጥ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ትንሿ ፕሮቲን በሰዓታት ውስጥ ላሽ ትላለች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይሄኔ ነው። አናኪንራ የምትባል 153 አሚኖ አሲድ ያላት መድኃኒት አለች። ለኔ በሽታ በ2001 ተፈቅዳለች። ሰውነታችን ራሱ ከሚሠራው የብግነት ፍሬን የተቀዳች ናት፤ ሐሳቡ ያምራል። ግን ቶሎ ስለምትወጣ በየቀኑ መወጋት ያስፈልጋል። በየቀኑ! እኔ በሁለት ሳምንት አንዴ እያማረርኩ።

መላው የመጣው ካልጠበቅሁት አቅጣጫ ነው፤ ከግመል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ብራስልስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪዎች ለልምምድ ደም ፈልገው ፍሪዘር ውስጥ የቀረ የግመል ደም አገኙ። ሲመረምሩት ከተለመደው አንቲቦዲ ጎን አንድ እንግዳ ዓይነት አለ። የኛ አንቲቦዲ ሁለት ከባድና ሁለት ቀላል ሰንሰለት አለው። ይሄኛው ቀላሎቹ የሉትም፤ ግን ይሠራል። ግኝቱ በ1993 ታተመ። የዚህ አንቲቦዲ ጫፍ ብቻውን ተቆርጦ ሲወጣ 15 ሺህ ያህል ይመዝናል፣ የአንቲቦዲ አንድ አስረኛ ማለት ነው፤ ዒላማውንም ይዞ አይለቅም። ናኖቦዲ ይሉታል። ቅድም በተረቱ ሰበብ ግመሉን አምቼው ነበር፤ ትንሹን ነገር ያመጣው እሱ ሆኖ ተገኘ።

ጃፓን በ2022 ለሩማቶይድ አርትራይተስ የፈቀደችው ኦዞራሊዙማብ ከዚሁ ነው የተሠራው። ሦስት ጫፎች በአንድ ክር ተሰክተዋል። ሁለቱ ቲኤንኤፍን ይይዛሉ። ሦስተኛው አልቡሚን የሚባለውን የደም ፕሮቲን ይጨብጣል። አልቡሚን በወንፊቱ አያልፍም፣ ለሳምንታትም ደም ውስጥ ይቆያል። ትንሿ የትልቁን እጅ ይዛ ትዞራለች ማለት ነው። በአራት ሳምንት አንዴ ይወጋል። በጣም ብልህ ሥራ ነው፣ አደንቃለሁ። ግን ልብ በሉ፤ ያው ቲኤንኤፍ ነው። ያው ጭቃ። የመጠኑን ጥያቄ መለሰ፣ የአድራሻውን አልነካውም። «ትንሽ ፕሮቲን ትልቅ ተስፋ» የሚል ርዕስ ባየሁ ቁጥር አሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። እሺ ትንሽ ናት፤ የማንን በር ነው የምታንኳኳው?

## ማንም ያላየው ቅርጽ

መርዝ መኮረጅ፣ የግመል ደም መቅዳት፣ ይሄ ሁሉ ተፈጥሮ ከሠራችው ላይ መነሳት ነው። አሁን የመጣው ሌላ ነው። ዴቪድ ቤከር የሚባለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስት ከባልደረቦቹ ጋር በ2003 ቶፕ7 የሚባል 93 አሚኖ አሲድ ያለው ፕሮቲን ሠራ። እንዲህ ያለ አተጣጠፍ ተፈጥሮ ውስጥ ታይቶ አይታወቅም ነበር። በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ሲሰጥ ግማሹ የእሱ ሆነ።

ሥራው ምን ያህል እንደሚከብድ ለማየት ትንሽ ሒሳብ ልሥራ። አሚኖ አሲዶች 20 ዓይነት ናቸው። 60 ብቻ ቀጣጥላችሁ አንድ ትንሽ ፕሮቲን ልትሠሩ ብትነሱ ያሏችሁ አማራጮች 20ን በራሱ 60 ጊዜ ማባዛት ነው። ከ1 ቀጥሎ 78 ዜሮ። እየሞከሩ ማግኘት አይታሰብም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ዒላማው ላይ የሚገጥም ቅርጽ ይስላል፣ ቀጥሎ ያንን ቅርጽ የሚይዝ ሰንሰለት ይጽፋል፣ ከዚያ ሌላ ፕሮግራም «እውነት እንዲህ ይታጠፋል?» ብሎ ይፈትሸዋል። የተረፉት በሺዎች የሚቆጠሩ ንድፎች እርሾ ላይ ተሠርተው ዒላማውን የሚይዙት ይለቀማሉ። አብዛኞቹ ይወድቃሉ። ጥቂቶች ይይዛሉ።

በ2024 ከዚሁ ቡድን የወጣ ሥራ ነው ሲስተርን ያስታወሰኝ። ኢንተርሉኪን 23 የሚባለው የብግነት ደወል የሚያርፍበትን ተቀባይ የምትደፍን ትንሽ ፕሮቲን ነደፉ። ቀቀሏት፣ አልፈረሰችም። አሲድና የሆድ ቆራጭ ኢንዛይሞችንም ቻለች። የአንጀት ብግነት ያለባቸው አይጦች በአፍ ተሰጥቷቸው በሽታው በረደላቸው። የሚዋጥ ፕሮቲን! በዚያ ላይ ኢንተርሉኪን 23 ከቲኤንኤፍ ጠበብ ያለ አድራሻ ነው። መጠኑም አድራሻውም አንድ ላይ።

ሌሊቱን ሙሉ አንብቤ ጠዋት ላይ ነው የከፋኝ። ኢንተርሉኪን 23ን የሚይዙ አንቲቦዲዎች ሶሪያሲስና የአንጀት ብግነት ላይ ድንቅ ይሠራሉ። በኔ በሽታ ላይም ተሞክረዋል፤ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላሳዩም። ስለዚህ የሚዋጠው መጣ፣ ለጎረቤት። ለጎረቤት ደስ ይለኛል፣ እውነቴን ነው። ግን ጣቶቼን አየኋቸው።

አንድ ስጋትም አለኝ። የኔ ዘበኛ እኮ ጥርጣሬ ነው በሽታው። የተሰጠኝን አንቲቦዲ ራሱ እንደ ጠላት ቆጥሮ ፀረ አንቲቦዲ ሊሠራበት ይችላል፤ ያኔ መድኃኒቱ ደሜ ውስጥ እያለ አይሠራም። በሳምንት አንዴ ሜቶትሬክሴት የምውጠው አንዱ ምክንያት ይሄው ነው፤ ዘበኛውን ትንሽ ያደነዝዝልኛል። ታዲያ ማንም ሰውነት አይቶት የማያውቅ፣ ኮምፒውተር ላይ የተወለደ ቅርጽ ሲመጣ ምን ይላል? ትንሽና ጥብቅ የሆነ ፕሮቲን ለመያዣ የሚሆን ቦታ ያነሰው ስለሆነ ሊያመልጥ ይችላል ይላሉ። እኔ ግን ዘበኛዬን አውቀዋለሁ።

ባለፈው ቀጠሮዬ ላይ ዶክተሩን ደፍሬ ጠየቅኋቸው። «ዶክተር፣ የኔው የሚዋጠው መቼ ነው የሚመጣው?»

ዝም ብለው ጣቶቼን አንድ በአንድ ጨበጥ ጨበጥ እያደረጉ አዩ። «ይሄኛው አያምሽም? ይሄስ?» አያመኝም። «ከፍሪጅ ስታወጪው ስንት ደቂቃ ታቆዪዋለሽ?»

«ሃያ።»

«ለዚህ ነው የሚያቃጥልሽ። ሠላሳ አድርጊው።»

ዛሬ ሐሙስ ነው። እስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ገና አሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀረዋል።